ምግብ ቀንሼ፣ በየቀኑ እየተራመድኩ ቦርጬ ለምን አልጠፋም?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ረዘም ይላል። ዋናው ይሄ ነው፦

«47 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 74 ኪሎ፣ ወገቤ 96 ሴንቲ ሜትር ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ 60 ኪሎ ነበርኩ። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት 40 ደቂቃ ተራምጃለሁ። ቁርስ ትቻለሁ፤ ምሳ ትንሽ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ፍራፍሬ ብቻ ነው። 6 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ግን ፊቴና ክንዴ ነው የከሳው። ሰው ሁሉ ‹አሞሽ ነበር ወይ?› ይለኝ ነበር፣ ቦርጬ ግን እንዳለ ነው። አሁን ኪሎው ተመልሷል። የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሰውነቴ ምግብ ማቃጠል አቁሞ ይሆን? እንጀራ ጭራሽ ልተው? ጓደኛዬ ክብደት አንሺ ትለኛለች፤ እኔ ግን ወንድ ወንድ እንዳልመስል እፈራለሁ፣ ጉልበቴም ሲታጠፍ ቋ ቋ ይላል። ጾምም እጾማለሁ። እንደ እህት ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቁርጡን ላስቀድም። ከዚህ በላይ አትራቢ። በሳምንት ሦስት ቀን ከበድ ያለ ነገር አንሺ፣ የምትበዪውን ፕሮቲን ቢያንስ እጥፍ አድርጊ፣ ዘይቱንና ስኳሩን ቀንሺ። እንጀራ አትተዪም፣ መጠኑን ታስተካክያለሽ። እርምጃውንም አታቁሚ፤ ግን ቦርጭሽን እሱ ብቻውን እንዲያጠፋልሽ አትጠብቂ።

ሰውነትሽ ማቃጠል አላቆመም። ይሄን ነገር ከብዙ ሴቶች እሰማለሁ፣ አንዳንድ አሰልጣኞችም ያወሩታል፤ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች፣ ከጨቅላ ሕፃን እስከ 95 ዓመት ሽማግሌ፣ በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጡ ተለክቷል። የሰውነት መጠንና የጡንቻ ልዩነት ከግምት ሲገባ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሚቃጠለው ኃይል ያው ነው። መውረድ የሚጀምረው ከ60 ገደማ በኋላ ነው፣ እሱም ቀስ እያለ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? «የጡንቻ ልዩነት ከግምት ሲገባ» ያልኩትን ልብ በዪ። የተለወጠው እሱ ነው። ሰው ጡንቻውን ካላሠራው ከሠላሳ ዓመቱ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን እያጣ ይሄዳል። በዚያ ላይ ኑሮው ራሱ ተቀይሯል። ድሮ ልጅ አዝለሽ፣ ዕቃ ተሸክመሽ፣ ታክሲ ሲጠፋ በእግርሽ ሄደሽ ይሆናል፤ አሁን ከወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ነው። የሚወጣው ኃይል ቀንሷል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ዘይት ግን አልቀነሰም።

ሌላው ምክንያት ማረጥ መቃረቡ ነው። የወር አበባሽ መዛባቱ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ወደ መቀነሱ እየሄደ መሆኑን ያሳያል። ኤስትሮጅን እያለ ስብ በብዛት ዳሌና ጭን ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲቀንስ ወደ ሆድ ይዞራል። ሚዛኑ ላይ ብዙም ሳትጨምሪ ቀሚስሽ ወገብሽ ላይ የሚጠብሽ ለዚህ ነው። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ። ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍም አይደለም፣ ምክንያቱም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ቆዳ ሥር ካለው ስብ የበለጠ ጎጂ ነው፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። ወገብ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለአንቺ ቁመት ይሄ 81 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደዚያ 6 ኪሎ እንምጣ፣ የነገሩ ሥር እዚያ ነው ያለው። ሰው በረሃብ ሲከሳ ስብ ብቻ አይደለም የሚወርደው። ከቀነሰው ክብደት ውስጥ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ አካል ነው፣ ከዚያም ውስጥ ጡንቻ አለበት። ፕሮቲን ያነሰውና ጡንቻውን የማያሠራ ሰው ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል። ክንድሽ የቀጠነው፣ ሰው «አሞሽ ነበር ወይ» ያለሽ በዚህ ነው። ከዚያ ኪሎው ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው፣ ጡንቻ ካልተሠራበት ዝም ብሎ አይመለስምና። ሚዛኑ ያው 74 ቢልሽም ያኔ የነበርሽው 74 ኪሎ አይደለሽም፤ ጡንቻሽ አንሷል፣ ስብሽ በዝቷል። በዚያው መንገድ ሌላ ዙር ብትሄጂ ከዚህ የባሰ ቦታ ነው የምትደርሺው። እኔ በጣም የምፈራልሽ ይሄንን ነው፤ ብዙ ሴቶች በዚህ ዕድሜ ሦስት አራት ጊዜ ተርበው፣ ሦስት አራት ጊዜ ተመልሰው፣ በስተመጨረሻ ደረጃ ለመውጣት አቅም ያጥራቸዋል።

እርምጃሽ ጥሩ ነው፣ ለልብም ለግፊትም ለጭንቀትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል። አንቺ በቀን 40 ደቂቃ እየተራመድሽ እሱን አሟልተሻል። ግን መመሪያው እዚያ አያበቃም፣ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርትም ያዛል። እዚያ ላይ ምንም የለሽም። በካሎሪ በኩል ደግሞ በአንቺ ኪሎ 40 ደቂቃ መራመድ ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ ነው የሚያቃጥለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው። ልዩነቱን እዪው።

መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ጎህ ሳይቀድ ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ ሰዎችን አይተሽ ይሆናል። የሚወጣው ላብ ነው፣ ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል። ሲት አፕም እንደዚሁ፤ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ከላይ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያወርድም። ሰውነት ስብን ከየት እንደሚወስድ እኛ አናዘውም። ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ አቼቶ፣ የሽፈራው ሻይ፣ የወገብ ማሰሪያ፣ እነዚህ ላይ ገንዘብሽን አታጥፊ። «የሚያቀጥን ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አለባቸው። የሚቀንስሽ ውኃ ነው፣ ሲቆይም አንጀትሽን ይጎዳል።

ክብደት ማንሳት ወንድ ወንድ ያስመስላል ወይ? አያስመስልም። ጡንቻን በዚያ መጠን የሚያሳድገው ቴስቶስትሮን ሴት ውስጥ ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ አንቺ ደግሞ ጡንቻ በቀላሉ የማይገነባበት ዕድሜ ላይ ነሽ። ፎቶ ላይ የምታዪያቸው ግዙፍ ሴቶች ለዓመታት በቀን ለሰዓታት የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹም ሆርሞን የሚወስዱ ናቸው። አንቺ ላይ የሚመጣው ቀጥ ያለ ትከሻ፣ ጠንከር ያለ ክንድ፣ ከወንበር ሲነሱ እጅ የማይደገፍ ጉልበት ነው።

በሌላ በኩል ጂም ቤት የሚነገርሽን ሁሉ አትመኚ። «ጡንቻ ካለሽ ተኝተሽም ስብ ታቃጥያለሽ» ይሉሻል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ያለ ሥራ በቀን የሚያቃጥለው ወደ 13 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ ጡንቻ ብትጨምሪ አንድ ሙዝ እንኳ አይሞላም። ክብደት የምናነሳው ለዚህ አይደለም። አንደኛ፣ ምግብ ስትቀንሺ የሚወርደው ስብ እንዲሆን፣ ጡንቻው እንዳይነካ ነው። ሁለተኛ፣ ጡንቻ የስኳር ጎተራ ነው፤ ከእንጀራውና ከዳቦው የሚመጣው ስኳር በአብዛኛው የሚገባው እዚያ ነው፣ ጎተራው ሲጠብ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው አጥንት ነው። ከማረጥ በኋላ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፣ እርምጃ ብቻውን ደግሞ ብዙ አይረዳውም። አውስትራሊያ ውስጥ አጥንታቸው በሳሳ፣ ካረጡ በኋላ ባሉ 101 ሴቶች ላይ የተሠራ ላይፍትሞር የሚባል ሙከራ ነበር። በባለሙያ እየታዩ በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ ከባድ ክብደት ያነሡት፣ ከስምንት ወር በኋላ የወገብ አጥንታቸው ጥንካሬ ጨምሮ ተገኘ፤ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት ግን ይህን አላገኙም። በዕድሜ ከአንቺ የሚበልጡ ሴቶች ናቸው።

እንዴት ትጀምሪያለሽ? ጂም የግድ አይደለም። ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ጠንካራ ወንበር፣ ግድግዳና ደረጃ ይበቃሻል። ጀሪካኑ ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፣ ሲቀልልሽ አሸዋ ጨምሪበት።

መጀመሪያ ቁጭ ብድግ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ ቀስ ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ እጅሽን ሳትደገፊ ትነሻለሽ፤ ሲለምድሽ ጀሪካኑን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ። ቀጥሎ ጀሪካኖቹን በሁለት እጅ ይዘሽ፣ ጉልበትሽን ጥቂት አጥፈሽ፣ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ዳሌሽን ወደ ኋላ እየገፋሽ ከጉልበትሽ በታች እስኪደርሱ ታወርጃለሽ፣ ከዚያ በመቀመጫሽ ኃይል ቀጥ ትያለሽ። ይሄ እንቅስቃሴ የኋላ ጭንና መቀመጫን ይሠራል፣ ቀን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ፑሻፕ፦ በግድግዳ ጀምሪ፣ ወደ ጠረጴዛ፣ ከወራት በኋላ ወደ ወለል። በመቀጠል አንድ እጅሽን ወንበር ላይ ተደግፈሽ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎድንሽ መሳብ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጀሪካን አንጠልጥለሽ ቀጥ ብለሽ ግቢውን መዞር። አለቀ።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ መጀመሪያ ሁለት ዙር፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ዙር። በዙሮቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በተከታታይ ቀን አታድርጊው። ሁለት ቀን ብቻ ከቻልሽ ሁለትም ይሠራል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ዙሩን ስትጨርሺ «ሌላ ሁለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ» የሚያሰኝ ክብደት መሆን አለበት። 12 ጊዜ አንስተሽ 20 ማንሳት የምትችዪ ከሆነ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ጨምሪ። ብዙ ሴቶች ለዓመታት ጂም ሄደው ለውጥ የማያዩት እዚህ ላይ ነው። ያችኑ ባለ 2 ኪሎ ዳምቤል ያነሳሉ፤ አሰልጣኙም ሴት ስለሆኑ ብቻ ዙምባና ትሬድሚል ላይ ያቆያቸዋል። ጂም ከገባሽ በግልጽ ጠይቂው፦ «በየሳምንቱ ክብደቱን የሚጨምርልኝና የሚመዘግብልኝ ማነው?» መልስ ከሌለው ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ጉልበትሽ ቋ ቋ ማለቱ ካላመመሽና ካላበጠ የሚያስፈራ አይደለም። እንዲያውም የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሕመም ይቀንሳል፤ ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የሚታዘዘውም ይሄው ነው። ካመመሽ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረሽ ከፍ አድርጊው። በሚቀጥለው ቀን አብጦ ወይም ሕመሙ ብሶ ካደረ ግን ክብደቱን ቀንሺና ሐኪም ጋ ታዪ።

ምግብ ላይ ስንመጣ፣ አሁን በምትበዪው ሁኔታ በቀን 40 ግራም ፕሮቲን የሚሞላልሽ አይመስለኝም። ስብ እየቀነሰ ጡንቻ ለሚጠብቅ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይመከራል። ልትደርሺበት የምትፈልጊውን ኪሎ ይዘን ብናሰላ ለአንቺ በቀን ከ80 እስከ 100 ግራም ነው። ሽሮ ፕሮቲን ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ ነውም። ግን አንድ ሰው በሚበላው ሽሮ ውስጥ ዱቄቱ 40 ግራም ቢሆን ፕሮቲኑ 8 ግራም ገደማ ነው። የቀረው ውኃ፣ ሽንኩርትና ዘይት ነው።

በፍስክ ቀን እንዲህ አስቢው። ጠዋት ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ፣ 20 ግራም። ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ በወፍራም ምስር ወጥ፣ ከአጠገቡ ጎመንና አይብ፤ ምስሩ ሁለት ጭልፋ ከሆነ፣ አይቡም 100 ግራም ገደማ ከሆነ ከ35 ግራም በላይ ታገኛለሽ። አይብ እኮ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ስቡ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ክትፎ ጥግ ብቻ የሚቀመጥ ነገር መሆን አልነበረበትም። ማታ የመዳፍሽን ያህል ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም አሣ ከአትክልት ጋር፣ ሌላ 25 ግራም። ቁርስ መተው በራሱ ኃጢአት የለውም፤ ለአንቺ ግን የፕሮቲን አንድ ዕድል ነው የሚያባክንብሽ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚዞረውን ኬክና ሳምቡሳም የሚያስበላሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ማታ ፍራፍሬ ብቻ መብላቱንም ተዪው። ፍራፍሬ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ጾሙን አትፍቺ አልልሽም፣ ማለትም የለብኝም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም ስትደምሪ ወደ ዓመቱ ግማሽ ይጠጋል፤ ስለዚህ በጾም ወቅት የማይሠራ ዕቅድ ለአንቺ ዕቅድ አይደለም። ትልቁ ስሕተት የጾም ምግብ ቅባት የለውም ብሎ ማሰብ ነው። ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ሁለት እጥፍ ይገባል፤ ፍርፍሩ፣ ሳምቡሳው፣ ጥብስ ድንቹ፣ የጾም ኬኩ፣ የአቮካዶ ጭማቂው። ብዙ ሰው በጾም የሚወፍረው ለዚህ ነው።

በጾም ጥራጥሬውን ከወጥ ይልቅ እንደ ዋና ምግብ ያዢው። የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ በሳህን ሙሉ። አዚፋ፣ ብዙ ምስር፣ ትንሽ ዘይት፣ ሰናፍጭና ሎሚ ያለው። ስልጆ። የአኩሪ አተር ወተት ወይም ቶፉ ካገኘሽ። ግብጦ የለመደ ቤት ካለሽ ከጥራጥሬዎቻችን ሁሉ በፕሮቲን የሚበልጥ እሱ ነው፤ መራራው እስኪወጣ ለቀናት ተዘፍዝፎ፣ ውኃው እየተቀየረ ያልተዘጋጀ ግብጦ ግን መርዝነት ስላለው አትንኪው። ኦቾሎኒ በእፍኝ ይበቃል፣ ካሎሪው ከባድ ነው። እንዲህ አድርገሽ በጾም ቀን 60 ግራም ከደረስሽ ደስ ይበልሽ። ስፖርቱን ደግሞ ከምትገድፊበት ሰዓት ጋር አጠጊው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾምሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በልተሽ ውኃ ጠጥተሽ ከቆየሽ በኋላ። በረጅም ጾም ክብደቱን መጨመር ባትችዪ እንኳ ያለውን ያዢ፣ ፋሲካ ሲመጣ ትጨምሪያለሽ።

እንጀራ። ጤፍ ጠላትሽ አይደለም፣ ብረትም አሰርም አለው። ነገር ግን አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ ስፋቱና ውፍረቱ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ካሎሪ ሊደርስ ይችላል፣ እኛ ደግሞ ሁለተኛውን የምንጨምረው ሳንቆጥር ነው። በምግብ ግማሽ እንጀራ ይበቃሻል፤ ወጡን በወፍራሙ፣ አትክልቱን በብዛት። ችግሩ ትሪ ነው። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ማንም ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፣ ጉርሻውም አለ። ከትሪው ተነሺ አልልሽም። ግማሹን እንጀራ ጠቅልለሽ ከፊትሽ አስቀምጪ፣ በዚያ ብቻ ብዪ፣ ሲያልቅ አለቀ።

ከእንጀራው በፊት ግን ዘይቱን ተመልከቺ። ለአንድ ሳምንት ወጥ ሲሠራ ዘይቱ ከጄሪካን ወደ ድስት ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ ይግባ፣ ሠራተኛ ካለችሽ አስረጃት። ለአራት ሰው በሚሆን ወጥ ከ3 እስከ 4 ማንኪያ ይበቃል፤ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ አቁላዪው። የቅቤው ካሎሪም ከዘይቱ ብዙም አይለይም። ሻይና ቡናውን ያለ ስኳር ወይም በግማሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከጨመርሽ ቡናው ብቻ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ዘይቱን፣ ስኳሩንና ትርፍ እንጀራውን ስታወጪ በቀን ከ300 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል፣ የሚያስፈልገንም እሱ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አስልተሽ ብታዪው በሳምንት ከ270 እስከ 450 ግራም ገደማ ነው የሚወርደው። ቀርፋፋ ነው፣ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ሳይነካ የሚወርደው ግን በዚህ ፍጥነት ነው።

እንቅልፍሽን አልጻፍሽልኝም። ሌሊት ላብ እያስነሳሽ ከሆነ ሐኪም አማክሪ፣ መፍትሔ አለው። በትንሽ ቁጥር ሰዎች ላይ ቢሠራም በደንብ የተያዘ ሙከራ አለ፦ ምግባቸው እኩል ተቀንሶ፣ አጭር የተኙት ከበቂ የተኙት ይልቅ ያጡት ስብ አነሰ፣ ያጡት ጡንቻ በዛ። በሌሊት ለሰባት ሰዓት ያህል ተኚ።

ከመጀመርሽ በፊት ጤና ጣቢያም ሆነ ክሊኒክ ሄደሽ ግፊትሽን፣ ሳትበዪ የሚለካውን የደም ስኳርሽን፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጊ። የወር አበባሽ በብዛት የሚፈስ ከሆነ ደም ማነሱ ራሱ አቅም ያሳጣል። የሦስት ወር መርፌ፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ክብደት ስለሚጨምሩ ለሐኪሙ ንገሪው፣ በራስሽ ግን አታቋርጪ። ይሄን የምታነቡ የስኳር ሕመምተኞች፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰዳችሁ ምግብ ቀንሳችሁ ስፖርት አትጀምሩ፣ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ መጠኑ በሐኪም መስተካከል አለበት፣ ስለ ጾሙም የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለች። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ። ግፊት ያለበት ሲያነሳ ትንፋሹን አይያዝ፣ ሲገፋ ያውጣ። ማሕፀኗ ወረድ ያለ ወይም ስታነሳ ሽንት የሚያመልጣት ሴት አትፈር፤ ለሐኪም አሳይታ፣ በቀላል ክብደት ጀምራ መሥራት ትችላለች። ደረት ላይ ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሚ።

ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌዎቹም ትሰሚ ይሆናል፣ ኦዜምፒክና መሰሎቹ። ይሠራሉ። ግን በሐኪም ክትትል የሚወሰዱ ናቸው፣ ከሚቀንሱት ውስጥም ጡንቻ አለበት፣ ስለዚህ እነሱን የሚወስድም ክብደት ማንሳቱና ፕሮቲኑ አይቀርለትም። ከውጭ በሰው ሻንጣ የመጣ፣ ማቀዝቀዣ ሳይነካ የቆየ መርፌ ግን አትውጊ።

ለውጡን በሚዛን ብቻ አትለኪ። በመጀመሪያው ወር ሚዛኑ ላይንቀሳቀስ ይችላል፣ ሥራ የጀመረ ጡንቻ ውኃ ይይዛልና። ወገብሽን በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳትበዪ በሜትር ለኪ፣ በእምብርትሽ ትክክል፣ ሆድሽን ሳትስቢ። ያነሳሽውን ክብደትና ስንት ጊዜ እንዳነሳሽ ደብተር ላይ ጻፊ። 12 ሳምንት ስጪው፣ በመሀል ከምታነሺው ክብደት በቀር ዕቅዱን አትቀይሪ።

በ12ኛው ሳምንት ወገብሽ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ከቀነሰና የምታነሺው ክብደት ከጨመረ፣ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ብቻ ቢያሳይ እንኳ በያዝሽው ቀጥዪ። የምታነሺው ክብደት ጨምሮ ወገብሽ ካልተነቃነቀ ዘይቱን እንደገና ለኪ፣ እንጀራውን በምግብ ወደ ሩብ ዝቅ አድርጊ፣ ፕሮቲኑን አትንኪ። የምታነሺው ክብደት ካልጨመረ ደግሞ ወይ ምግቡ አንሶሻል፣ ወይ እንቅልፍ አጥሮሻል፣ ወይ ቀላል ክብደት ነው የያዝሽው። ሁሉንም በትክክል አድርገሽ ወገብሽም ጉልበትሽም ካልተለወጠ የምርመራ ውጤትሽን ይዘሽ የሆርሞን ሐኪም ጋ ሂጂ።